አፈ ጉባኤው ምስማር ሲጎርስ

"ኧረ ጋሼ፣ በፈጠረዎት ቶሎ ይበሉልኝ! ስብሰባው ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ነው የቀረው" አለች የምክር ቤት አባሏ፣ ከታክሲ ስትወርድ ታኮው የተነቀለ ጥቁር ጫማዋን በሁለት እጇ እያቀረበች።

ጫማ ሰፊው ቀና ብሎ ሲያያት ዓይኑን ማመን አቃተው። ራሷ ናት! በምርጫው ሰሞን ፎቶዋ በየግድግዳው ተለጥፎ የነበረው፣ እሱም ከነሚስቱ ተሰልፎ የመረጣት። ሦስት ወር ሙሉ ቢሮዋ ቢመላለስ "ስብሰባ ላይ ናት" እየተባለ ነበር የሚመለሰው። ዛሬ በገዛ እግሯ መጣች፤ ያውም በባዶ እግሯ።

"ይቀመጡ፣ የተከበሩ" አለና ነጠላ ጫማ አቀበላት። "እኔ ጫማዎን እሠራለሁ፤ እርስዎ ደግሞ ይሰሙኛል።"

ሰፈሩ "አፈ ጉባኤው" ነው የሚለው፤ የመንግሥት ነገር ከተነሳ የሚያስቆመው የለም። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ሲሠራ ምስማሮቹን የሚይዘው በአፉ ነው። ሙያውን ሲማር ጀምሮ እንዲያ ለምዷል፤ ሌላ ቦታ ካስቀመጣቸው እጁ አይታዘዝለትም። ስለዚህ ከሠራ አይናገርም፣ ከተናገረ አይሠራም።

አምስት ምስማር ጎረሰ። መዶሻውን አነሳ። መልሶ አስቀመጠውና ምስማሮቹን መዳፉ ላይ ተፋቸው።

"ፌርማታው የት ነበር? እዚህ ፊት ለፊታችን፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ! አሁንስ? ከዳገቱ ግርጌ! ለምን?"

"ጋሼ፣ ታኮው..."

"እሺ፣ እሺ።" መልሶ ጎረሰ። አንዷን ምስማር መታ። አላስቻለውም፤ እንደገና ተፋ። "ያ ባለ ሕንፃ ነዋ! 'ፌርማታው የሱቄን በር ጋረደው' ብሎ ለትራንስፖርት ቢሮው ኃላፊ አንድ ስልክ ደወለ፤ በማግስቱ ምልክቱን ነቅለው ወሰዱት። ማንን ጠይቀው? ግብር እንከፍላለን፣ እንመርጣለን፣ ሰው አይደለንም እንዴ?"

ተመራጯ ሰዓቷን አየች፤ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። "በዚህ አያያዝዎ የትራንስፖርት ሚኒስትሩን በነጠላ ጫማ ነው የምጠይቃቸው።"

እንዲህ ሲነታረኩ የጫማ ሰፊው ሚስት ዳገቱን ጨርሳ ብቅ አለች። ጉልበቷን ለመታከም በሳምንት ሁለቴ ጤና ጣቢያ ትመጣለች። ድሮ ከአውቶቡሱ ወርዳ አሥር እርምጃ ነበር፤ አሁን ሦስት ቦታ ሳታርፍ አትደርስም። ላቧን እየጠረገች መጥታ ባሏ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ዘፍ አለች። ባልየው ምስማሮቹን ጎርሶ ሥራው ላይ አቀረቀረ።

"እትዬ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ሆነው ነው የሚመጡት?" አለች ተመራጯ።

"ምን ላድርግ ልጄ፣ ክንፍ የለኝ።"

ተመራጯ ስልኳን አወጣች። "የቢሮውን ኃላፊ አውቀዋለሁ። አሁን ብደውልለት ነገ ይመልሰዋል። ዛሬ ሚኒስትሩ ምክር ቤት መጥተው ጥያቄ ይመልሳሉ፤ እዚያ ባነሳው ግን ይጣራ፣ ይጠና ሲባል ወር ሁለት ወር መፍጀቱ አይቀርም።"

ጫማ ሰፊው አፉ ሙሉ ስለሆነ "እም! እም!" እያለ በመዶሻው ስልኩን ጠቆመ። ይደወል! ነገ ከተገኘ ወር ማን ይጠብቃል?

"አይ ልጄ፣ ተይው" አለች ሚስቱ።

መዶሻው አየር ላይ ቀረ።

"ፌርማታው በስልክ ሄደ። በስልክ ከመጣ፣ ሌላ የሚደውል ሰው የተገኘ ቀን መልሶ ይሄዳል። ሰው ሁሉ እየሰማ ጠይቂልን። ማን እንዳስነሳው፣ ለምን እንዳስነሳው ይናገሩ። ወሩን እኔ እችለዋለሁ።"

ጫማ ሰፊው አፈረ፤ ደግሞም ኮራ። ሦስት ወር ስለ መብት ጉሮሮው እስኪደርቅ ሲናገር፣ ዳገቱን የምትወጣውን ሴት ምን እንደምትፈልግ አንድ ቀን እንኳ ጠይቋት አያውቅም። የቀሩትን ምስማሮች ጠበቅ አድርጎ መታና ጫማውን አቀበለ።

"ጥሩ" አለች ተመራጯ ጫማዋን እያጠለቀች። "ግን ባዶ እጄን አልሄድም። ሁለት መስመር ጽፋችሁ ፈርሙልኝ፤ ስጠይቅ የመራጮቼን ወረቀት ይዤ ልቁም።" ከደብተሯ ወረቀት ገንጥላ ለጫማ ሰፊው ዘረጋችለት።

አቤቱታ መጻፍ እንደሱ የሚወድ ሰው የለም። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አነጠፈ፣ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ፣ "ለተከበረው ምክር ቤት" ብሎ ሊጀምር ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ቆም አለና ሚስቱን አያት። ገና ትንፋሿ አልተመለሰም፤ ግን ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ነበር።

ወረቀቱንም እርሳሱንም ሰጣት።

"አንቺ ጻፊው" አላት። "እኔ ከታች እፈርማለሁ።"