ሲቀዘቅዝ የጸናው አበባ

ወንድሜ ዳንኤል ለልጁ ሰርግ ከደረቅ ዋንዛ ሣጥን ሠራ። ሚስቱ ሸዋዬ ክዳኑን፣ ኦቨን ውስጥ ተጋግሮ በሚጠነክር የፕላስቲክ ጭቃ አበባ አስጌጠችው። ምግብ በማይጋገርበት አሮጌ ኦቨን፣ በርና መስኮት ከፍተን፣ ክዳኑን ከነአበባው የጭቃው ማሸጊያ ላይ በተጻፈው ሙቀት ጋገርነው።

ሰዓቱ ሲሞላ ሸዋዬ አበባውን በስንጥር ነካ አደረገችው፤ ሰርጎድ አለ። የሸክላ ሠሪ ልጅ ናትና፣ "አልበሰለም፤ እሳቱን ጨምሩ" አለች።

"ተይ እንጂ፤ ጭቃው ያርርና እንጨቱም ይሰነጠቃል። ሰርጉ እኮ ነገ ነው" አላት ዳንኤል።

"አንተ ደግሞ፣ ሸክላ በልመና ይጠነክራል እንዴ?"

"እስቲ አጥፍተን እንጠብቀው" አልኩ።

ሲቀዘቅዝ በጥፍሯ መታ መታ አደረገችው፤ ቀጭ ቀጭ አለ። አማተበች።

"እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ሸክላውን በኩበት ስታቃጥል ኖረች፤ ይኸ ግን ሲቀዘቅዝ ጸና" አለች ቀስ ብላ።

ክዳኑ ላይ አንዲት ስንጥቅ የለችም። ዳንኤል አንስቶ ሣጥኑ ላይ ገጠመው።