የበያጁ ክንድ

ባሌ በያጅ ነው፤ ለሐኪሞቹ ግን ነጋዴ ነኝ ብሏቸዋል። እውነቱን ቢናገር መድኃኒቱን ይከለክሉኛል ብሎ ፈርቶ ነው።

እግሩ ላይ ደም እየረጋ ሁለት ጊዜ ከሞት አፋፍ ተመልሷል። ደም የሚያቀጥነውን ኪኒን ደግሞ ጨጓራው አልቀበል አለ። በመጨረሻ ከክንዱ ቆዳ ሥር ጄል የመሰለች ቁራጭ ቀበሩለት። ጠዋት ጠዋት ሰማያዊ መብራት ሲበራባት በውስጧ የያዘችውን ማቅጠኛ ትለቃለች፤ መብራቱ ሲጠፋ ታቆማለች። ከሌላ ኃይለኛ ብርሃን ሸፍናት ተባለ። እንግዲህ የብየዳን ብርሃን የማያውቅ የለም።

ክንዱን በጥቁር ጨርቅ እየጠቀለልኩለት ነበር የሚሠራው። ዛሬ ሙቀቱ ሲብስበት ፈታው። ዓይኑን ሸፍኖ፣ ክንዱን አራቁቶ፣ የሰው የግቢ በር ሲበይድ አረፈደ። ከዚያ ላሜራ መዳፉን ጫር አደረገው። ጭረቷ እዚህ ግባ የምትባል አይደለችም፤ ደሙ ግን አልቆም አለ። አንድ ፎጣ ራሰ፣ ሌላም ራሰ። በአፍንጫውም ሲመጣ ታክሲ ውስጥ አስገብቼው ወደ ሆስፒታል ከነፍን።

ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ከንፈሩ ነጥቷል። ሐኪሟ ክንዱን አየት አድርጋ፣ «መብራቱን አብዝታችሁበት ነበር?» አለችኝ።

«ኧረ የለም።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ከየት መጣ? ምን ያህል እንደተለቀቀ ካላወቅሁ ማርከሻውን በግምት ነው የምሰጠው። ካነሰ ደሙ አይቆምም፤ ከበዛ እግሩ ላይ ይረጋል።»

ባሌ ከአልጋው ላይ ሆኖ አፈጠጠብኝ። ዝም በይ ማለቱ ነው። ወይ ጉድ፣ ነፍሱ ልትወጣ ደርሳ እንኳ ለሥራው ይሳሳል! 

«በያጅ ነው» አልኳት። «ክንዱን ገልጦ ሲበይድ ነው ያረፈደው። ነጋዴ ነኝ ያላችሁ ውሸቱን ነው።»

አልተቆጣችም። «እንግዲያው ጄሏ የያዘችውን በሙሉ ለቃ ተሟጥጣለች» ብላ ማርከሻውን በልኩ አዘዘች። ሲመሽ ደሙ ቆመ።

ከዚያ አጠገቡ ቁጭ ብላ፣ «ወንድሜ፣ ስትድን ሌላ እንቀብርልሃለን» አለችው። «ብየዳ ግን ከዛሬ ጀምሮ አበቃ። ያለ ጄሏ ደግሞ ደምህ ተመልሶ መርጋቱ አይቀርም።»

እሷ ስትወጣ ወደ እኔ ዞረ። «ዝም ብትዪ ምን ነበረበት?»

«ትሞትብኝ ነበራ።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ትኖርልኛለህ። እኔ አበላሃለሁ።»

በምን እንደማበላው አልጠየቀኝም። የማውቀው ሥራ እንደሌለ እሱም ያውቃል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ማልቀስ ጀመረ፤ ከተጋባን ጀምሮ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር።