እንደተነሣ የቀረ እጅ

በደሴታችን ጀልባ ለክረምት ዓሣ ሲወጣ የወንዶቹ መዘምራን ወደቡ ላይ ቆመው ይዘምራሉ። ጀልባው በወደቡ አፍ ያለውን የመብራት ማማ እስኪያልፍ መዝሙሩ አይቋረጥም። አባቴ ኢንግቫልድ ዕድሜውን ሙሉ በመዘምራኑ ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የያዘ ሰው ነበር። ከባሕሩ ማዶ ቦዶ ከተማ ሆስፒታል ተኝቶ ሐኪሞቹ ተስፋ ሲቆርጡ፣ «ሳይዘመርልኝ አልሄድም» አለ።

ማዕበሉ መርከቡን ስላስቀረው ልንደርስለት አልቻልንም። በመንደሩ አዳራሽ የቪዲዮ ስብሰባ መሣሪያ ነበር፤ እሱን የማዘጋጀቱ ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። የዋይፋይ ማሠራጫው ከወጥ ቤቱ ወፍራም ግድግዳ ጀርባ ስለተቀመጠ ሞገዱ አዳራሹ አይደርስም። ረጅም ገመድ ስቤ ማሠራጫውን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት፤ መሣሪያውን አገናኝቼ ሞከርኩ። አባቴ ጥርት ብሎ ታየ። ነርሷ ጉንቮር ትራሱን ከፍ አድርጋለታለች።

«ራንዲ ልጄ፣ ተርጌርስ? ገና እያበጠረ ነው?»

«መላጣ ምን ያበጥራል፣ አንተ ሽማግሌ!» አለ የመዘምራኑ መሪ ተርጌር ከኋላዬ። አባቴ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት።

ሰዓቱ ሲደርስ መንደሩ ባንዴ ገባ፤ እኛ ዘንድ ቀድሞ መምጣትም መዘግየትም ነውር ነው። የዋይፋዩ የይለፍ ቃል ለእንግዳ ተብሎ በሩ ላይ እንደተለጠፈ ነው። መዝሙሩ ተጀመረ። አባቴ እጁን አነሣ።

እጁ እንደተነሣ ቀረ።

እያዳመጠ መስሎን ነበር። ጣቱ እንኳ እንደማይንቀሳቀስ ያየሁት ቆይቼ ነው። ምስሉ ቆሟል። መሣሪያውን ነካካሁ፤ ምንም። ዞር ስል ስልኩን ያልደገነ ሰው የለም። ሁሉም መዝሙሩን እየቀረጸ በዚያው ዋይፋይ በየግሉ ለአባቴ በቀጥታ ይልካል። መሥመሩን ያፈነው የእነሱ ፍቅር ነበር።

«ስልካችሁን አጥፉ! አባቴን ዘጋችሁብኝ!»

መዝሙሩ ተቋረጠ። ተርጌር የዓሣ ሣጥን ይዞ መዞር ጀመረ። «አምጣ አንተም! ሚስትህ እንደሆነች አትደውልልህም፣ እዚሁ ናት።» ሣጥኑ በስልክ ሞላ።

ምስሉ ተመለሰ። የአባቴ እጅ ብርድ ልብሱ ላይ ወርዷል፤ ጉንቮር ይዛዋለች።

«መዝሙሩ ሲጠፋባቸው፣ ‹ማማውን አለፍኩ እንዴ?› አሉኝ» አለች። «ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። አዎ አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ ምንም አላሉም።»



«አላለፈም» አለ ተርጌር። ሣጥኑን መሬት አስቀምጦ እጁን አነሣ፤ መዘምራኑ ካቆሙበት ቀጠሉ። ጉንቮር ስክሪኑን ወደ አባቴ ጆሮ አስጠጋችው። የአባቴ ወፍራም ድምፅ በሚገባበት ቦታ ሁሉ ትንሽ ጸጥ ይሉ ነበር፤ ማንም አልገባበትም።