ጋቢ የለበሰው ሳጥን

የኔአለም የሳጥኑን በር ከፍታ እጇን ስትሰድ ውስጡ ሞቋል። "እጄ ይሆናል" አለች ለራሷ። እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ደግማ ነካችው። ብልቃጦቹም ሞቀዋል። የውስጡ መብራት እንደ ወትሮው ይበራል፤ ቅዝቃዜ ግን የለም። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ሳጥኑ የወይን ጠጅ ማቀዝቀዣ ነው። ደብረ ኤልያስ ላይ ወይን ጠጅ አቀዝቅዞ የሚጠጣው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር አይፈረድበትም። ባሏ መሳፍንት የጭነት መኪና ሹፌር ነው። አዲስ አበባ ላይ አንድ ሆቴል ዕቃውን ሲሸጥ አገኘና፣ የመስታወት በሩ ላይ የብርጭቆ ሥዕል ያለበትን ይህን ሳጥን ከጆንያ መሐል ሸጉጦ አመጣው። ያመጣው ለልጃቸው ለሕሊና ነው። ሕሊና ስኳር አለባት፤ ኢንሱሊን ሳትወጋ ውላ አታድርም። መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ የሚዘጋ ሆኖ ቢያስቸግር፣ መሳፍንት መድኃኒቱን ባገኘ ጊዜ አብዝቶ ገዝቶ ሳጥኑን ሞላው። አሁን መንገዱ እንደገና ተዘግቷል። እሱ ከነመኪናው ደጀን ላይ ቆሟል፤ ስልኩም አይሠራም። ደብረ ማርቆስ ሄዶ መድኃኒት መግዛት ከቀረ ሰንብቷል፤ እዚህ ጤና ጣቢያም ካለቀ ቆይቷል። የልጅቱ ነፍስ ያለችው እዚህ ሳጥን ውስጥ ነው።

ይህን በከተማው ከሦስቱ በቀር የሚያውቅ የለም። እንዲደበቅ ያደረገችው የኔአለም ናት። ሕሊና ገና ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ እናት ግን ከአሁኑ ነገን ትፈራለች። "በሽተኛዋ" የሚል ስም አንዴ ከወጣላት ማን ያጫታል፣ ማንስ አብሯት ማዕድ ይቀርባል ትላለች። ስም ደግሞ በሳሙና አይለቅም።

ሰሞኑን የማርያም ጽዋ ማኅበር ተራው የእሷ ነበር። ጠላው ሲጠመቅ፣ ወጡ ሲሠራ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሳምንቱን ሙሉ ሲገባ ሲወጣ ሰነበተ። ብልቃጦቹ በመስታወቱ ውስጥ እንዳይታዩ፣ የብርጭቆው ሥዕልም ቄሱ ፊት እንዳያሳፍራት ብላ፣ የእናቷን ወፍራም ጋቢ ሳጥኑ ላይ አጥፋ ከላይ እስከ ታች ጠቀለለችው። በማኅበሩ ዕለት አጠገቡ የተቀመጡት ግን እትዬ አመተ ሥላሴ ሆኑ። እትዬ አመተ ሥላሴ የሰው ቤት ገብተው ሲወጡ፣ ባለቤቱ ራሱ የማያውቀውን ቆጥረው የሚወጡ ሴት ናቸው።

"ይሄ ጋቢ የለበሰው ማን ነው?" አሉ።

"የመሳፍንት ዕቃ ነው፣ እትዬ።"

"ዕቃም ይበርደው ጀመር?"

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። የኔአለምም ሳቀች፤ ጀርባዋን ግን ላብ አጠመቀው። እትዬ አመተ ሥላሴ ወዲያው ስለ አንዲት የታመመች ጎረቤት ወሬ ጀመሩና "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ብለው አሳረጉ።

ይኸው ዛሬ እንግዳው ሄዶ፣ ጋቢውን ገና መግፈፏ ነው። ሶኬቱን ነቅላ ሰካችው። መብራት አለ። ትንሽ ጠበቀች፤ ያው ነው። ሕሊና ከመኝታዋ ተነስታ ውኃ በጣሳ ስትጠጣ አየቻት። ሰሞኑን ውኃ ስታበዛ አይታ ድግሱ አድክሟት ነው ብላ ነበር።

"ጋቢውን ገልጠሽ መድኃኒቱን ስታወጪው ሞቆ ነበር?" አለቻት።

"ሞቅ ብሎ ነበር። ልነግርሽ ስል ሰው ፊት አፍሽን ዝጊ አልሽኝ።"

የኔአለም ብልቃጦቹን አውጥታ በእርጥብ ፎጣ ጠቅልላ አልጋ ሥር ሸሸገችና እንዳላማውን ልትጠራ ወጣች።

እንዳላማው ሬዲዮም፣ ፍሪጅም፣ የኤሌክትሪክ ምጣድም ጠጋኝ ነው፤ ያልጠገነውንም ጠገንኩ ይላል። ጆሮውን ሳጥኑ ላይ ለጥፎ ጥቂት ቆየ።

"ጋዙ አልቋል" አለ።

"ይሄ ጋዝ የለውም። መሳፍንት ነግሮኛል።"

"ጋዝ የሌለው ፍሪጅ የት አገር አለ፣ እትዬ የኔአለም?"

"ሞተርም የለውም። ውስጡ ያለችው አንዲት ትንሽ ስስ ነገር ናት። ኤሌክትሪክ ሲገባባት በአንድ ፊቷ ትቀዘቅዛለች፣ በሌላው ፊቷ ትግላለች። ግለቱን በጀርባ በኩል የሚያስወጣው ማራገቢያው ነው አለኝ።"

"ታዲያ ማራገቢያው የታለ? ድምፅ የለውም እኮ።"

የኔአለም ያን ጊዜ ነው የባነነችው። ሳጥኑ ሁልጊዜ እዝዝ ይል ነበር። መቼ ዝም እንዳለ ከሰው ጫጫታ የተነሳ አልሰማችውም።

እንዳላማው የጀርባውን ክዳን ፈታ። ነጭ ክር ማራገቢያው ላይ ተጠምጥሞ፣ ተጠምጥሞ፣ አንቆ ይዞታል። በምላጭ እየቆረጠ አወጣውና ወደ ብርሃን ከፍ አደረገው።

"የጋቢ ዘርፍ ነው። ፍሪጅ ጋቢ የሚያለብስ ሰው ዛሬ አየሁ" አለ። "ማራገቢያው ሲቆም ግለቱ መውጫ አጣና ወደ ውስጥ ዞረ። በላዩ ጋቢ! እንቁላል ቢኖርበት ይፈለፍል ነበር።"

ሶኬቱን ሲሰካው ማራገቢያው ተነሳ። ያ ድምፅ ተመለሰ። እንዳላማው ምስጋና ጠብቆ ዞር ሲል የኔአለም ፊቷን ሸፍና ታለቅሳለች። የደስታ መስሎት ሄደ።

ብልቃጦቹን ከአልጋ ሥር አውጥታ አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ አነሳቻቸው። ጥርት ያሉ ናቸው። መድኃኒቱ በሙቀት ቢሞትም መልኩ ያው ነው፤ ይህንን የነገራት የደብረ ማርቆሱ ሐኪም ነው። ሕሊና ከአንዱ ቀድታ ተወጋች። ጠበቁ። ጣቷን ወግተው በመለኪያው ሲለኩት የስኳሯ ቁጥር ወጥቷል። ከሌላው ጨመሩ፤ ጠበቁ። አሁንም ወጣ። ልጅቱ አስመለሳት፤ ትንፋሿ ረዘመ፣ ዓይኗ ፈዘዘ። ሳጥኑ ከጎናቸው ሆኖ ባዶውን ያቀዘቅዛል።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። የኔአለም የፈራችው ወሬን ነበር፤ የደረሰባት ሌላ ነው። መድኃኒቱ ማን ቤት እንዳለ ሊያውቅ የሚችል ሰው በዚህ ከተማ ቢኖር አንድ ሰው ብቻ ነው። ነጠላዋን እየጎተተች ሮጠች።

እትዬ አመተ ሥላሴ ግቢያቸውን ይጠርጋሉ።

"እትዬ፣ ሕሊና ስኳር አለባት" አለች የኔአለም፤ ሰላምታውንም ረሳችው። "ከልጅነቷ ጀምሮ። መድኃኒቷን እኔ በጋቢ አፍኜ ገደልኩት። ልጄ እየሄደችብኝ ነው። ማን ቤት እንዳለ ይንገሩኝ፤ እግሩ ላይ እወድቃለሁ።"

ሴትዮዋ መጥረጊያቸውን ጣሉ። ሄደው የግቢውን በር ቀረቀሩና በእጃቸው ጠርተዋት ወደ ጓዳ ገቡ። ከጥግ እርጥብ አሸዋ የተሞላ ገንቦ አለ፤ አሸዋው መሐል ትንሽ ማሰሮ ተቀብራለች። ክዳኗን አንስተው በላስቲክ የተጠቀለለ ብልቃጥ አወጡ። የኔአለም ስሙን አነበበች። ያው የሕሊናው ነው።

"የእርስዎ ነው?"

"አዎ፤ ከባለቤቴ ሞት ወዲህ ስኳር ይዞኛል።"

የኔአለም ወደ ማሰሮዋ አየች። አንድ ብልቃጥ ብቻ ቀርቷል።

"ለእርስዎስ?"

"መንገዱ ይከፈታል። ሂጂ።" ከዚያ ክንዷን ያዝ አደረጓት። "አደራሽን፣ የኔአለም፤ ሰው እንዳይሰማብኝ።"

የኔአለም የእጇ ሙቀት እንዳይነካው ፈርታ ብልቃጡን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ፣ ከሰውነቷ አርቃ ይዛ ሮጠች። ሕሊና ተወጋች። ከብዙ ጥበቃ በኋላ ቁጥሩ ጥቂት ወረደ፤ እንደገና ሲለኩትም ወረደ። ልጅቱ ዓይኗን ገልጣ "እማ" አለች። እናት አቀፈቻት። መንገዱ ግን እንደተዘጋ ነው፤ አሸዋው ውስጥ የቀረው አንድ ብልቃጥ ከዓይኗ አልጠፋ አለ።