ቤንዚን ያጠበው ስም

ኪየት ሞተር ሳይክሉን ከጋራዥ ሲረከብ ቀድሞ የሚያየው ጎማዋን አይደለም፣ ፍሬኗንም አይደለም፤ ፊርማውን ነው። ያን ቀንም እንደ ልማዱ ቁጢጥ አለና በሰማያዊ ማርከር የጻፈውን ስሙን ቦታ በቦታ ፈለገ። በካርቡራተሩ ላይ አለ። በሞተሩ ጎን ላይ አለ። ከሞተሩ ክዳን ተነስቶ በትልቁ ብሎን አናት ላይ አልፎ ወዲያ ማዶ የሚሻገረው ረጅሙ የስሙ ጭራ እንኳ አልተነካም። ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈና የጋራዡን ባለቤት ቲየንን ከልቡ አመሰገነ።

በእኛ በወንዙ ዳር ሳይፈርምባት ሞተር ሳይክሉን ለጋራዥ የሚሰጥ ሰው ወይ ጠጥቷል፣ ወይ ከሌላ አገር የመጣ ነው። «ቀቀሉብኝ» የሚባል ነገር አለ። መካኒኩ ደህናውን ዕቃ ከሞተሩ አውጥቶ ለራሱ ካስቀረና በምትኩ የማይረባ ዕቃ ከከተተበት፣ ሰውየው ሞተሩ ተቀቀለበት ይባላል። ስለዚህ ሽማግሌውም መነኩሴውም ማርከር በኪሱ ይዞ ይዞራል። ስሜ ያለበት ዕቃ የእኔ ነው፣ ማን ይነካዋል? እንዲህ እያልን ተማምነን እንኖራለን።

ቴት፣ የጨረቃው አዲስ ዓመት፣ ሊገባ ጥቂት ቀን ነው የቀረው። ኪየትና ሚስቱ ሎአን ውሃ ላይ በተሠራ የቀርከሃ ቆጥ ላይ፣ በጀልባ እየዞሩ ሲያጠጡ የከረሙት ቢጫ አበባ እንደ ተቆለለ ሩዝ ክብ ብሎ ፈንድቷል። ይህ አበባ ከድልድዩ ማዶ ካለው ገበያ መድረስ አለበት። የዋዜማው ቀን ቀትር ላይ ገበያው ይበተናል፤ ከዚያ በኋላ የቀረ አበባ አበባ አይባልም። ሰው እስከ ቀትር አድፍጦ በነጻ መውሰድ እንዳይለምድ ሻጩ ራሱ አበባው የተተከለበትን ሸክላ መሬት ላይ ይሰብረዋል። የባልና ሚስቱ የዓመት እንጀራ ያለው እንግዲህ በዚያች አሮጌ ሞተር ሳይክልና ከኋላዋ በምትጎትተው ጋሪ ላይ ነው። ሞተር ሳይክሏ ደግሞ ከዝናቡ ወራት ጀምሮ ዳገት ላይ ታስላለች። ለዚህ ነው ቲየን ጋ ወስዶ ሞተሩ ተከፍቶ ፋሻዋ፣ ማለትም ፒስተኑን የሚያቅፉት ቀለበቶች፣ እንዲቀየሩ የነገረው።

«ሁሉንም ያመጣው አምና መጀመሪያ ቤታችን የገባው ሰው ነው» ትላለች ሎአን። የአዲስ ዓመት ጠዋት ደጃፍ የሚረግጠው የመጀመሪያ እንግዳ የዓመቱን ዕድል ይዞ ነው የሚገባው። አምና ያ የአጎቷ ልጅ ሳይጠራ መጥቶ አስነጥሶ ነበር።

በማግስቱ ኪየት ጋሪውን ሞልቶ ወጣ። ድልድዩ እኩሌታ ላይ ሞተር ሳይክሏ ሁለት ጊዜ አሳለች፣ ነጭ ጭስ ተፋች፣ ዝም አለች። ከኋላ ያለው ሁሉ ጡሩምባ ነፋበት። ኪየት ወርዶ ዙሪያዋን አየ፤ ስሙ እንዳለ ነው፣ አንዲት ፊደል አልጎደለችም። ታዲያ ለምን? ገፋትና ወደ ቲየን ተመለሰ።

ቲየን አልተቆጣም፤ አፈ ቅቤ ሰው ነው። ወንበር ሳበ፣ ማራገቢያውን ወደ ኪየት አዞረ፣ በረዶ የተሞላ ሻይ አስቀረበ።

«ጋሼ ኪየት፣ እርሶ እኮ ለኔ እንደ ታላቅ ወንድሜ ኖት። እስቲ ይዩት፣ ይሄ የማን ፊርማ ነው?»

«የኔ።»

«ይሄስ?»

«እሱም የኔ ነው።»

«አንድ ዕቃ ጎድሎቦታል?»

«አልጎደለም።»

«ታዲያ ቀቀልኳት?»

«እኔ መች ቀቀልካት ወጣኝ? ግን ቆመች እኮ።»

«አርጅታለቻ። ፋሻዋን ቀየርኩ፣ ሁሉን አደረግኩ። እርሶ ደሞ ግማሽ እርሻ በአንዴ ይጭኑባታል። እኛስ ስናረጅ እናስል የለም እንዴ?»

ጋራዡ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ኪየትም አብሮ ሳቀ። ሞተር ሳይክሏን እየገፋ ግማሽ መንገድ ከሄደ በኋላ ነው ሰውየውን ድጋሚ አመስግኖት እንደወጣ ትዝ ያለው። ምን አድርጎለት እንደሆነ ግን ሊገባው አልቻለም።

«ሳው ጋ ውሰዳት አላልኩህም?» አለች ሎአን።

«ሳው ትሳደባለቻ።»

«ሞተር ልታሠራ ነው ልትመረቅ የምትሄደው?»

ሳው ከድልድዩ ሥር ሸራ ወጥራ የምትሠራ፣ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ በዕድሜ ገፋ ያለች ሴት ናት። እሷ ጋ ማራገቢያ የለም፣ ሻይ የለም፤ ከአጠገቧ ካለችው ቡና ሻጭ ዘንድ ቁጭ ብሎ የሰውን ስድብ መስማት ግን በነጻ ነው። ኪየት ሲደርስ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።

«ምን ሆናለች?»

«ዳገት እምቢ ብላለች። ፋሻዋ በቅርብ ነው የተቀየረው።»

«ማን ቀየረው?»

«ቲየን።»

ኪየት ማርከሩን አወጣ። ሰማያዊው ደብዝዞ ስለነበር በዚያው ላይ በጥቁር ሄደበት፤ እንደ ተማሪ ምላሱን አውጥቶ፣ ከክዳኑ ወደ ብሎኑ፣ ከብሎኑ ወደ ማዶ፣ ከድሮው መስመር ሳይወጣ ደገመው።

«ጨረስክ?» አለች ሳው። «የአያትህ ስም ቀርቷል።»

ቡና የሚጠጡት ሳቁ።

«ምኗን ይሆን የታመመችው፣ እትዬ ሳው?»

«ሳልከፍት በምን አውቄ? ጠንቋይ ነኝ? ነገ ጠዋት ና።»

ሌሊቱን ኪየት ደህና እንቅልፍ አልተኛም። ጠዋት ሲመጣ ሞተር ሳይክሏ ሸራው ሥር ቆማለች፤ ብረቷ ያብረቀርቃል። ቁጢጥ አለ። ካርቡራተሩን አየ፣ ስሙ የለም። ክዳኑን አየ፣ የለም። በዚያም በዚህም ዞሮ ፈለገ፤ የትም ቦታ አንዲት ፊደል አልቀረችም።

«እትዬ ሳው፣ ስሜ የታለ?»

«የምን ስም?»

«የፈረምኩት።»

«በቤንዚን ታጠበ። ጭቃና ዘይት ጠጥቶ የከረመ ሞተር ሳላጥብ ልክፈተው? አሸዋው ሁሉ ሆዱ ይግባ?»

ነገሩ ትክክል ይመስላል። ግን የተቀቀለበት ሰው ሁሉ ሲያወራ «ታጠበ አሉኝ» ብሎ ነው የሚጀምረው። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ሳው የቆርቆሮ ጣሳ አንስታ አሳየችው፤ ውስጡ ያለቁ የብረት ቀለበቶች አሉ።

«ይኸው አሮጌው ፋሻህ። ምላጭ ሆኗል።»

«ቲየን ቀይሮታል ብዬሻለሁ እኮ!» አለ፤ ከንዴቱ የተነሳ «እርሶ» ማለቱን እንኳ ረሳው። «የኔ ለመሆኑስ በምን አውቃለሁ? ስም የለበትም። በቃ ቀቅለሽኛል።»

ከቡና ጠጪዎቹ አንዷ፣ ሎተሪ የምትሸጥ ሴትዮ፣ ብርጭቆዋን አፏ ላይ እንዳስጠጋች ቀረች። ይህን ቃል ከኋላ ሆኖ ማማት አንድ ነገር ነው፤ ፊት ለፊት፣ ያውም ዓመት ሊለወጥ ሲል መናገር ግን ፊት ላይ ከመትፋት አይሻልም።

ሳው አልጮኸችም። መፍቻዋን አነሳች።

«ጥሩ። እንግዲያው ተዋት። አዲሱን ላውጣና አሮጌውን መልሼ ልግጠምልህ። ነገ እንዳመጣሃት አድርገህ ትወስዳታለህ።»

ኪየት ሁለት እጁን እንዳንጠለጠለ ቀረ። ቢተዋት አበባው መሞቱ ነው፤ ነገ ዋዜማ ነው። ቢወስዳት ደግሞ የተቀቀለች ሞተር ሳይክል አሜን ብሎ መቀበሉ ነው። ሰው ሲያጭበረብር ተይዞ እንዴት አሮጌውን ልመልስልህ ይላል? ግራ ገባው። በመጨረሻ መሪዋን ያዘና አስነሳት።

«ለሰው ሁሉ እናገራለሁ።»

«ተናገር። ስሜን አስተካክለህ ጥራ ብቻ።»

የዚያን ቀን ጋሪው እስከ አፉ ሞልቶ፣ ሎአን ራሷ አበባው መሃል ተቀምጣ፣ ሞተር ሳይክሏ ድልድዩን ወጣች። አላሳለችም። ጭስም አልተፋችም። ከሰዓትም ተመላለሰች፣ በዋዜማው ጠዋትም እንዲሁ። ኪየት መደሰት ሲገባው ፊቱ እየጠቆረ ሄደ። ገበያ ላይ የመጨረሻዎቹን ሸክላዎች እያወረዱ ሳለ ሎአን ልታልፈው አልቻለችም።

«ምን ሆነሃል? አበባው እየተሸጠ ነው እኮ።»

«የሰው ሞተር ነው የገጠመችልኝ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንዱ ምስኪን የት እንዳለ እንጃ፣ እንባው ከኛ ጋር እየዞረ ነው።»

«ቀቀለችህ?»

«ቀቀለችኝ።»

«ቀቅላ የተሻለ ሰጠችህ?»

«ግራ ገባኝ ነው የምልሽ እኮ!»

«ቆይ፣ ቀቃይ የራሱን ጥሩ ዕቃ ለሰው ሰጥቶ የሰውን አሮጌ ይወስዳል? እንዲህ ያለ ሌባማ በየሰፈሩ ይብዛልን» አለች ሎአን። «እስቲ የት የት ነበር የፈረምከው? አሳየኝ።»

ኪየት ቁጢጥ አለና በጣቱ ባዶው ብረት ላይ ስሙን ጻፈላት። ከክዳኑ ተነሳ፣ ብሎኑ አናት ላይ ወጣ፣ ወደ ማዶ ተሻገረ። ጣቱን መለሰና ብሎኑ ላይ አቆመው። ሳው ጋ በጥቁር ሲደግመው ሰማያዊው መስመር እዚህ ጋ እንደ ክር ቀጥ ያለ ነበር። በገዛ እጁ ነው የሄደበት። ተፈትቶ እንደገና የታሰረ ብሎን የተጻፈበትን መስመር ሰብሮት ነው የሚቀረው፤ ግማሹ ወዲህ፣ ግማሹ ወዲያ። ይህ ብሎን ካልተፈታ ደግሞ ክዳኑ አይነሳም፣ ክዳኑ ካልተነሳ ፋሻው አይወጣም።

«ሎአን።»

«ወይ።»

«ቲየን አልከፈታትም። ከነጭራሹ አልነካትም።»

ፊርማው ያልጠፋው ለዚህ ነበር። እሱ ደግሞ ስሙን በየቦታው እያገኘ ደስ አለው፣ ሻዩን ጠጣ፣ ሁለቴ አመሰገነ። የሠራችለትን ሴት ግን በሰው ፊት ሌባ አላት። ያ ምላጭ የሆነ ፋሻ የእሱ ነበር። ኀፍረቱ ጆሮው ድረስ ወጣ።

«ለሳው ምን አልካት?» አለች ሎአን። ፊቱ ነግሯት ነበር።

ሲነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ኪየት፣ ዛሬ እኮ ዋዜማ ነው። ይህን ጸብ ዓመቱን ሙሉ ልታኖረው ነው?»

ኪየት ከቀሩት ሸክላዎች የአበባው ክበብ አንድም ጎዶሎ የሌለበትን መረጠ፤ ሎአን ለገዢ ልታቀብለው ስትል ከእጇ ቀማት። ገዢው ተሳደበ። ገበያው ተበትኖ የሸክላ መሰበር ድምፅ ከየአቅጣጫው ሲሰማ ኪየት ከድልድዩ ሥር ደረሰ።

ሳው መፍቻዎቿን አጥባ በጨርቅ ትጠቀልላለች። ሸራው ወርዷል። ሎተሪ ሻጯ ብቻ ቅርጫቷን ተደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል። ኪየት ሸክላውን መሬት አስቀመጠና ሁለት እጁን አጣምሮ ጎንበስ አለ።

«እትዬ ሳው፣ በሰው ፊት ነው የሰደብኩዎት። በሰው ፊት ይቅርታ ልጠይቅ መጣሁ።»

«ሰዉ ተኝቷል» አለች ሳው።

አበባውን ረጅም ጊዜ አየችው፤ ሸክላውን በእግሯ ጫፍ አዙራ ጀርባውንም አየች። የተቀደደ ጎማ ላይ ምልክት የምታደርግበትን ነጭ ጠመኔ ከኪሷ አወጣችና በቀዩ ሸክላ ላይ ስሟን በትልቁ ጻፈች። ከዚያ መልሳ ወደ እሱ ገፋችው።

«ምንድን ነው?» አለ ኪየት።

«እንዳትቀቅለው ነዋ። አሁን አልቀበልህም፣ እጄ ቆሻሻ ነው። ነገ ጠዋት ቤቴ ይዘኸው ና። ሰው ሳይቀድምህ።»

«እኔ? የመጀመሪያው?»

«መስማትም አትችልም እንዴ? ደሞ እንዳታስነጥስ።»

ኪየት ሸክላውን እንደ ሕፃን አቅፎ ወደ ቤት ነዳ። መንገዱን ሁሉ ሊገባው አልቻለም። ሌባ ያላትን ሰው ለዓመቱ ዕድል ደጃፏን አስረግጣ ማስገባት ምን ዓይነት ነገር ነው? መቅጣቷ ይሁን ማመኗ መለየት አቃተው። ደጃፉ ላይ ሲደርስ አበባው ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ውሎ ኖሮ ቅጠሉ ጠውልጓል። ሎአን አይታ ውሃ ማጠጫውን ይዛ ብቅ አለች።

«ቆይ» አላት።

«ምነው?»

«ስሟ ይጠፋል። ጠመኔ ነው።»

«አበባውስ?»

ኪየት ስሙን አየ። ቅጠሉን አየ። እንደገና ስሙን አየ። ስሙን ይዞ የደረቀ አበባ ቢያቀርብላት ምን ትለዋለች? ስም የሌለው አበባ ይዞ ቢመጣስ የኔ መሆኑን በምን አውቃለሁ ብትለውስ? ማጠጫውን ከሎአን እጅ ተቀበለና ራሱ አዘነበለው። ውሃው ከአፈሩ ሞልቶ በሸክላው ጎን ሲወርድ ነጩ ጠመኔ አብሮ ወረደ። ኪየት ማጠጫው ባዶ እስኪሆን ድረስ እጁን አላነሳም።