የግራ እግሩ ጎል

ስጦታው ከአዲስ አበባ በመጣው ሚኒባስ ወርዶ ድንኳኑ በር ላይ ሲደርስ፣ ረገብ ብሎ የነበረው ለቅሶ እንደ አዲስ ተነሣ። ሴቶቹ ልጅህ መጣልህ እያሉ ሟቹን፣ አባቱን መሪጌታ ያለውን፣ በሙሾ ጠሯቸው። ንፍሮ የሚያዞሩት ጎረምሶች ሳይቀሩ ስልካቸውን አወጡ። አገር የሚያውቀው የእግር ኳስ አጥቂ ቢቸና ሲገባ ለቅሶ ነው ተብሎ ዝም አይባልም።

ታላቅ ወንድሙ ምንይሉ አግዳሚ ወንበር እንደተሸከመ ቆሞ አየው። ዓይነ ስውሩን አባታቸውን እየመራ ቤተ ክርስቲያን ያደረሰ፣ ገላቸውን ያጠበ፣ ከትናንት በስቲያም አፈር ያለበሰ እሱ ነው። ለእሱ ግን እንዲህ የተነሣለት ሰው የለም። ለማንም አይናገረው እንጂ ቅናቱ እንደ ቃር ደረቱ ላይ ቆሞ ነበር።

ልጆች ሳሉ ሁለቱም አጥቂዎች ነበሩ፤ ስጦታው በቀኝ እግሩ፣ ምንይሉ በግራው። የሞጣ ቡድን ለሙከራ የጠራውም ሁለቱንም ነው። የመሪጌታ ዓይን የጠፋው ያን ክረምት ነበርና አንዱ መቅረት ነበረበት፤ ታላቁ ቀረ። መሪጌታ ከኳስ የሚገኝ እህል የለም ብለው የሚሄደውን ሳይመርቁ ሸኙት። እሱ ግን ከሞጣ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ደረሰ፤ ስሙም በሬዲዮ ይጠራ ጀመር።

ሽማግሌው ኩሩ ነበሩ። ስጦታው ሲደውል የሚጠይቁት ስለ ጾም ጸሎቱ ብቻ ነው። ስልኩ ሲዘጋ ወደ ምንይሉ ዞረው "ሂድና አይተህልኝ ና" ይሉታል። እሱም ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ ጨዋታውን አይቶ ይመለስና መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይተርክላቸዋል። ኳሷ ስጦታው እግር ሥር ስትደርስ መሪጌታ የምንይሉን ጉልበት ጭምቅ አድርገው ይይዛሉ፤ እስክትመታ አይለቁትም።

ከዚያ ስጦታው ተጎድቶ ከሜዳ የራቀበት ዓመት መጣ። ምንይሉ መጀመሪያ አልተጫወተም ብሎ እውነቱን ተናገረ፤ መሪጌታ ያን ቀን እራት አልበሉም። በሳምንቱ ግን ተጫወተ ብሎ በትረካው ሐዋሳ ላይ አንድ ጎል አገባለት። አንዴ ከጀመረ መቼ ይቆማል፣ ዓመቱን ሙሉ አገባለት። ሌላ ሰው እንዴት እንደሚያገባ ስለማያውቅ የሚያገባው የራሱን ጎሎች ነበር፤ በልጅነቱ ያገባቸውን፣ ሞጣ ቢሄድ ኖሮ የሚያገባቸውንም ጭምር። ሽማግሌው ሰምተው ሲያበቁ ስጦታውን እግዚአብሔር ይባርከው ብለው ይተኛሉ። ጎሉ የእሱ፣ ምርቃቱ የወንድሙ። ከዚህ የባሰ ምን ያስቀናል?

ድንኳኑ ውስጥ የመሪጌታ አብሮ አደግ ቄስ ታዘበው ስጦታውን አጠገባቸው አስቀመጡት።

"አባትህ ያችን ካቻምና ሐዋሳ ላይ በግንባርህ ያገባሃትን ጎል ስንቴ ነገረኝ መሰለህ" አሉት። "ማኅሌት ቆመን እንኳ አልተወኝም።"

ስጦታው ግራ ገባው። ያን ዓመት ጉልበቱ ታስሮ ቤት ተኝቶ ነበር። ሰው ሁሉ መልሱን ይጠብቃል። ምንይሉን አንድ ቃል ይበቃው ነበር። ያን ዓመት መቼ ተጫወተና ቢል፣ የአገሩ መኩሪያ እዚያው ለቀስተኛው ፊት ይቀላል። ባልበላውም ጭሬ ላፍሰው እንዳለችው ዶሮ አፉን ከፈተ። ግን ጎሉ ተበላሽቶ ሲነገር መስማት አልሆነለትም።

"በግንባሩ አይደለም አባ" አለ። "በግራ እግሩ ነው።"

ስጦታው በግራ እግሩ አንድም ጎል አግብቶ አያውቅም። ቀና ብሎ ወንድሙን አየው፤ ቀጥሎ የወንድሙን ግራ እግር አየ።

ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ምንይሉን ተከትሎ ወደ ቤት ገባ። የአባታቸው መደብ ምንጣፉ ተነሥቶ ባዶውን ነበር።

"ወንድምዓለም፣ አባባ ስለ ኳስ ይጠይቁህ ነበር?"

"ከኳስ ሌላ ምን ይጠይቁኝ ነበር።"

"እኔን አንድ ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም።" ስጦታው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "ታድለህ።"

በምንይሉ ሰው ቀንቶበት አያውቅም። የዚያ ሁሉ ዓመት ቅናቱ ባለቤት ያጣ ዕቃ ሆኖ እጁ ላይ ቀረበት።

"በል ንገረኝ" አለ ስጦታው፣ እንባውን በክንዱ እየጠረገ። "እንዴት ነው ያገባኋት?"

ምንይሉ መደቡ ጫፍ ላይ፣ በለመደው ቦታ ተቀመጠ። ኳሷ ከመሐል ሜዳ ተነሥታ፣ ሁለት ተከላካዮችን አልፋ፣ ግራ እግሩ ሥር እስክትደርስ ሳይቸኩል ተረከለት። እዚያ ሲደርስ አቆመ። አባታቸው ጭምቅ አድርገው ይይዙት የነበረውን ጉልበቱን ወደ ባዶው መደብ አስጠግቶ ጠበቀ።