ሰባት ጎበሳ በአንድ ትንፋሽ

የአሰላን መናኸሪያ የሚያዘወትር ሰው ሚፍታን ሳያየው ያውቀዋል። ድምፁ ቀድሞት ይመጣል። ገና ባጃጅ ውስጥ ተቀምጠህ፣ አስፋልቱን ሳትሻገር፣ «ጎበሳ ጎበሳ ጎበሳ ጎበሳ ጎበሳ ጎበሳ ጎበሳ!» ሲል ትሰማዋለህ። ሰባት ጊዜ፣ በአንድ ትንፋሽ። የመጨረሻዋን ደግሞ ረዘም አድርጎ ወደ ላይ ይስባታል። ሌሎቹ ተራ አስከባሪዎች ሦስት ብለው ያርፋሉ፤ አራት ያለ ጎበዝ ነው። ሰባት ግን የሚፍታ ብቻ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለጎበሳ መስመር ተሳፋሪ ሲጠራ ኖሯል። ልጆቹን ያስተማረው፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤቱን የሠራው በዚያ ጉሮሮ ነው። ጉራ አለበት ወይ? አለበት እንጂ! ተሳፋሪ በሌለበት ሰዓት እንኳ ለጋሪ ፈረሶቹ ሲጠራ ተይዟል።

ነገሩ የደረሰው ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ አዲስ ገብስ ከየገጠሩ ወደ ከተማ በሚጎርፍበት ሰሞን ነው። ከጎበሳ የመጣ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ቆሞ ጣሪያው ላይ ያለው ጭነት ይወርዳል። ላይ ሆኖ ገመድ የሚፈታው ሮባ ነበር፤ የዲክሲስን መስመር የሚጠራው፣ የሚፍታ ባልደረባና ባላንጣ። የመናኸሪያው ደንብ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ከላይ ያለው ሰው ገመድ ከመልቀቁ በፊት «ከሥር!» ብሎ ይጮኻል፣ ከታች ያሉት ይበታተናሉ። የዚያን ቀን «ከሥር!» የሚል ድምፅ አልተሰማም። አንድ ኬሻ ገብስ ተንሸራቶ ወረደና የሚፍታን ትከሻ ገጨው፤ ጭንቅላቱን ደግሞ ከበሩ ብረት ጋር አላተመው።

ሐኪም ቤት ጭንቅላቱን በሲቲ ስካን አዩት። ውስጥ ደም አልፈሰሰም። «አንጎልህ ተናውጧል። ትተኛለህ፣ ታርፋለህ፣ ስልክ አትነካካም፣ ጩኸት አይኖርም» አለው ሐኪሙ። ሚስቱ ፈይሩዛ አልሐምዱሊላህ ብላ ይዛው ተመለሰች። ጩኸት አይኖርም የሚለው ትእዛዝ ለማን እንደተሰጠ ስታስበው ግን በሐሳብና በሳቅ መሐል ሆና ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት በራስ ምታትና በእንቅልፍ አለፈ። በሁለተኛው ሳምንት ጠያቂ መጣ። የአርሲ ሰው የታመመ መጠየቅ ያውቅበታል፤ ሌላው ቢቀር በዚህ አይታማም። አሥርም አሥራ አምስትም ሆነው ይገባሉ። ሙዝ ይይዛሉ፣ ወተት ይይዛሉ። የገባው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገርም አንድ ነው፦ መስኮቱን መዝጋት። «ብርድ ይመታዋል እኮ! የተመታ ጭንቅላት ብርድ አይወድም» ይላሉ። አንዷ ጋቢ ትደርብበታለች፣ ሌላዋ ፎጣ በራሱ ላይ ጠምጥማ ታስርለታለች። ከዚያ ወግ ይጀመራል። ወጉ ደግሞ፣ ምን ሰይጣን እንደሚያመጣው እንጃ፣ ስለሞቱ ሰዎች ነው።

በዚህ ጎረቤታቸውን አቶ ገረሱን የሚያህል የለም። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ወሬያቸው ዝርዝር ስለሚወድ ብቻ ነው። «የአክስቴ ልጅ» አሉ አንድ ከሰዓት፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተደላድለው፣ «እንዲሁ እንዳንተ ከጋሪ ወድቆ፣ ደህና ነኝ ደህና ነኝ ሲል ቆይቶ፣ በሃያ አንደኛው ቀን ምሳውን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ…» አላስጨረሷቸውም፤ ቤቱ በሙሉ ከንፈሩን መጠጠ።

ሚፍታ በልቡ ቆጠረ። ሃያ አንደኛ ቀኑ የፊታችን ሐሙስ ነው።

ትንፋሹ የከዳው ያኔ ነው። አየር ሳበ፤ አልበቃውም። ደግሞ ሳበ፤ አሁንም አልበቃውም። ደረቱ ላይ ያ የገብስ ኬሻ የተቀመጠበት መሰለው። ጣቶቹ ነዘሩት፣ ከንፈሩ ደነዘዘ። ጠያቂዎቹ እንዳያዩበት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እነሱም «ድካም ነው፣ ይተኛ» ብለው ጋቢ ጨመሩበትና ወጡ።

ከዚያ ቀን በኋላ መተንፈስ ሥራ ሆነበት። ድሮ ትንፋሽ መኖሩንም አያስታውስም ነበር፤ ልክ እንደ ጫማ፣ ካልቆረቆረ ማን ያስበዋል? አሁን ግን እያንዳንዷን ይጠብቃታል፤ ቀጣይዋ አትመጣም ብሎ ይፈራል። ያዛጋል፣ ይተነፍሳል፣ እንደገና ያዛጋል። ለማንም አልተናገረም። ምን ብሎ ይናገር? ሌላ ሰው እጁ ቢሰበር በሌላው እጁ ይሠራል፤ እሱ በምኑ ሊጠራ ነው? ያለ ትንፋሽ ሚፍታ ማን ነው? ይህ ሐሳብ ከሞቱም በላይ አስፈራው።

ፈይሩዛ ግን ሃያ ዓመት አብራው የኖረች ሴት ናት። ረቡዕ ጠዋት ሁለት ፌርማታ የሚያህል መንገድ እንደሮጠ ሰው ቁና ቁና ሲተነፍስ፣ መስኮቱን ለመክፈት ሲታገል አገኘችው።

«ስንት ቀንህ ነው እንዲህ ከሆንክ?»

«አልሆንኩም።»

«ሚፍታ!»

«ስድስት ቀኔ» አለና እንደ ልጅ አለቀሰ። «ነገ ሃያ አንድ ይሞላኛል፣ ፈይሩዛ።»

ሃያ አንድ ምን እንደሆነ ሲነግራት በአቶ ገረሱ ላይ የወረደው እርግማን እዚህ አይጻፍም። በባጃጅ ጭና ወሰደችው።

ሐኪሙ እንደገና አየው፤ አዲስ ነገር አላገኘም። ከዚያ ሲስተር ቀለሟ የምትባል ነርስ ጋ ላከው። እሷም ደረቱን አዳመጠች፣ ጣቱ ላይ የኦክስጅን መለኪያ ሰካች፣ ቁጥሩን አሳየችው። «ለአሰላ ደጋ ደህና ነው» አለች። «አቶ ሚፍታ፣ ሳንባዎ ጤነኛ ነው። አየር አላነሰዎትም፤ እንዲያውም በዝቶብዎታል። ጭንቅላት ሲናወጥ አንዳንዴ የትንፋሹም ልክ ይዛባል። ፍርሃት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል፤ ሰው እየፈራ ቶሎ ቶሎ ይስባል፣ ቶሎ ቶሎ በሳበ ቁጥር የታፈነ ይመስለዋል።»

«ታዲያ አልሞትም?»

«በዚህ አይሞቱም። ደረትዎን ካመመዎት ወይ ራስዎን ከሳቱ ወዲያው ይምጡ። ካልሆነ ግን መድኃኒትዎ ይህ ነው፤ በአፍንጫዎ በዝግታ ይሳቡ፣ ሲያስወጡ ያርዝሙት። አራት ቆጥረው ይሳቡ፣ ስድስት ቆጥረው ያስወጡ። ደግሞ መስኮት ክፈቱ፣ በቀን ትንሽ ትንሽ ይራመዱ።»

ፈይሩዛ የሴትዮዋን እጅ ይዛ ሳመች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዱዓዋ ላይ የቀለሟ ስም ተጨመረ፤ እስከ ዛሬም አልወጣም።

መቁጠሩ ግን አልሆነለትም። ሦስት ላይ ሲደርስ ይጠፋበታል፣ ሲጠፋበት ይደነግጣል፣ ሲደነግጥ ራሱን ያመዋል። ፈይሩዛ ጥቂት አየችውና ተነሥታ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተች። «ቁጥሩን ተወው» አለችው። «አንተ ትንፋሽ ማውጣት ልትማር ነው እንዴ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስታወጣው የኖርከውን? ጎበሳ በል። ሳትጮህ፣ ቀስ ብለህ።»

ሚፍታ ሳበ። «ጎበሳ… ጎበሳ…» አለ በሹክሹክታ። ሁለት። በቃ፣ አለቀ። ከሰባት ሁለት! በሌላ ጊዜ ቢሆን በኀፍረት ይሞት ነበር። አሁን ግን ከሁለተኛዋ ጎበሳ በኋላ ትንፋሹ ሳይለመን፣ ሳይጎተት፣ በራሱ ተመልሶ ገባ። እንዴት ደስ እንዳለው ልነግራችሁ አልችልም።

ሐሙስ መጣ፣ ሐሙስ አለፈ። ዓርብ ጠዋት አቶ ገረሱ በር ላይ ቆመው ሲያዩት ደስ አላቸው፤ በወሬያቸው መበላሸት ትንሽ ቅር ያላቸው ቢመስልም። ፈይሩዛ አላስገባቻቸውም። ደጅ ላይ አግዳሚ ወንበር አውጥታ አዲስ ሕግ ደነገገች፦ ጥየቃ ውጭ ነው፣ ሦስት ሦስት ሆኖ ነው፣ የሞተ ሰው ስም የጠራ ወተቱን ይዞ ይመለሳል። ሰዉ እየሳቀ ታዘዘ። አቶ ገረሱም ከዚያ በኋላ ታመው የዳኑ ሰዎችን ብቻ ማውራት ጀመሩ፤ ለካ እነሱንም በዝርዝር ያውቃሉ።

ሚፍታ በሁለት ላይ ሦስተኛዋን ጨመረ። አንዳንድ ቀን ወደ አንድ ይመለሳል፣ ደረቱ ይጨንቀዋል፣ በማግሥቱ ደግሞ ይሻለዋል። ውስጡን የሚበላው ሌላ ነገር ነበር፦ ሮባ። ከተማው በሙሉ መጥቶ ጠይቆታል፤ የጋሪ ነጂዎቹ መጥተዋል፣ ከጎበሳ ድረስ የመጡ አሉ። ሮባ አልመጣም። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳ! ሚፍታ ኬሻውን ይቅር ብሎታል፤ ኬሻ ይወድቃል። ሰው ታሞ አለመጠየቅ ግን በአርሲ ምድር የሚረሳ ነገር አይደለም።

በስድስተኛው ሳምንት ከሲስተር ቀለሟ ፈቃድ አገኘና ቀስ እያለ በእግሩ ወደ መናኸሪያው ሄደ። ገና በር ላይ ሳለ አንድ ድምፅ ሰማና ቀጥ አለ። «ጎበሳ ጎበሳ ጎበሳ ጎበሳ!» የመጨረሻዋ ረዘም ብላ ወደ ላይ ተስባለች። የእሱ ዜማ ነው። ድምፁ ግን የሮባ ነው።

«መስመሬን ወሰደው» አለ በልቡ፤ ትንፋሹ ወዲያው አጠረው። በሩ አጠገብ ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ጎበሳ…» አለ ለራሱ። «ጎበሳ… ጎበሳ…» ሦስት አራት ጊዜ ደጋገመው። ሲረጋጋለት ተነሥቶ ወደ መኪናው ሄደ።

ሮባ ሲያየው አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ከስቷል፤ ድምፁም ሻክሯል። «ሚፍታ…» አለና ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። «ትንፋሽህ እንደከዳህ ከጠያቂዎችህ ሰምቻለሁ። ልጠይቅህ ሁለት ጊዜ በርህ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ። በምን ፊቴ ልግባ? የዚያን ቀን ‹ከሥር› ማለት ሲገባኝ ምን እያልኩ እንደነበር ታውቃለህ? ዲክሲስ እያልኩ ነበር። ሰባት ልሞላ። እንዳንተ። አምስት ላይ ስደርስ ገመዱን ለቀቅኩት።»

ሚፍታ የተዘጋጀበት ስድብ ብዙ ነበር፤ ሁሉም ጠፋበት።

«አንተ ከተኛህ ጀምሮ ሁለቱንም መስመር እየጠራሁ ነው» አለ ሮባ። «ቦታህን ሌላ ሰው እንዳይዝብህ ብዬ። ሰዉ መስመሩ ያንተ መሆኑን እንዳይረሳ ባንተው ዜማ። አራት ነው የምደርሰው። ይቅር በለኝ፣ ሰባት እንዴት እንደምትል እስካሁን አልገባኝም።»

ሚፍታ ሊመልስ ሲል ሮባ እጁን አንሥቶ «ቆይ፣ ምርቃቱን ላስደርግ» አለ። መኪናው ሞልቶ ነበር፤ የጎበሳ መኪና ደግሞ በዕድሜ ትልቁ ተሳፋሪ ሳይመርቅ አይነሣም። ከፊት ወንበር ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ ሽማግሌ እጃቸውን ዘረጉ። ተሳፋሪው ሁሉ ዘረጋ። መንገዱን ሰላም እንዲያደርገው፣ ሾፌሩን እንዲጠብቀው፣ አዝመራውን እንዲባርከው በኦሮምኛ ለመኑ። ሙስሊሙ «አሚን»፣ ጴንጤው «አሜን» ይላል።

«አባባ» አለ ሮባ በመስኮት በኩል፣ «የሚፍታን እንዳይረሱ፤ ከተኛ ጀምሮ ሳይለመንለት የተነሣ መኪና የለም።»

«እንዴት እረሳለሁ!» አሉ ሽማግሌው። «ያን ሚፍታ የሚባለውን ሰው ያ ረቢ ማረው። ትንፋሹን መልስለት።»

«አሚን!» አለ መኪናው በሙሉ።

ሚፍታ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ስድስት ሳምንት ሙሉ፣ በየቀኑ፣ ከዚህ መናኸሪያ የተነሣ መኪና ሁሉ! እሱ አልጋው ላይ ብቻዬን ነኝ እያለ ግድግዳ ሲያይ ስንት የማያውቀው ሰው ስለ እሱ እጁን ዘርግቷል? እንባው መጣ፤ አልደበቀውም። «አሚን» አለ ከሁሉም ዘግይቶ።

ሽማግሌው ዞር ብለው አዩት። «ታውቀዋለህ እንዴ ሰውየውን? ሦስት ጊዜ ስመላለስ ሦስቱንም ጊዜ ለምኜለታለሁ። ለመሆኑ ተሻለው?»

ሮባ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ሚፍታ ትከሻውን ያዝ አደረገው። በአፍንጫው፣ በዝግታ፣ ሳበ።

«ጎበሳ ጎበሳ ጎበሳ ጎበሳ!»

አራተኛዋን ረዘም አድርጎ ወደ ላይ ሳባት፤ እዚያ ላይ አለቀበት። ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት «ውይ፣ እሱ ራሱ ነው!» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው።

«አራት ነው የቆጠርኩት» አሉ ሽማግሌው። «ድሮ ስንት ነበር የምትለው?»

«ሰባት፣ አባባ።»

«እንግዲያው ሦስት ይቀሩሃል» አሉና ወደ ተሳፋሪው ዞሩ። «ሾፌር፣ ሞተሩን አጥፋ። እጃችሁን ዘርጉ።»

ሰዉ ሁሉ እየሳቀ እጁን ዘረጋ። ሮባም ዘረጋ። ሚፍታ ከእሱ አጠገብ ቆሞ ሁለት እጁን ዘረጋ።